ቦታ መመራት፦ የአዲስ አበባ መሬትና ያልተጠየቀው ጎረቤት

ከአማርኛ አነጋገሮቻችን መካከል አንዱ ለብዙ ጊዜ ሲያመራምረኝ ኖሯል። በከተማ ውስጥ ከመንግሥት የቤት መሥሪያ መሬት ያገኘ ሰው «ቦታ ተመራሁ» ይላል። መሬቱን በገንዘቡ ያገኘ «ገዛሁ»፣ ከአባቱ ያገኘ «ወረስሁ» ይላል፤ ከማዘጋጃ ቤት የተቀበለ ግን «ተመራሁ» ነው የሚለው። ከላይ ያለ ባለሥልጣን ጠቆመ፣ ከታች ያለው ሰው ተከትሎ ሄደ፣ ችካል ተተከለ ማለት ነው። በዚህ አንድ ግሥ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ፤ መሪና ተመሪ። ሦስተኛው ሰው፣ ማለትም ከችካሉ ማዶ ቀድሞ ይኖር የነበረው ጎረቤት፣ በቋንቋችን ውስጥ እንኳ ቦታ አልተመራም።

ስለ አዲስ አበባ መሬት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው «መሬቱ የማን ነው?» በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ደምም ፈስሶበታል። እኔ ግን፣ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንደሚያስተምር ሰው፣ ከእርሱ ጎን ለጎን ሌላ ጥያቄ ማንሣት እወዳለሁ። በአንድ ቦታ ላይ ምን ይሠራ፣ የቱ መኖሪያ የቱ ገበያ ይሁን፣ ማንስ ይነሣ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? በማን ፊት ይወስናል? ከመወሰኑስ በፊት ማንን ይሰማል? የከተማዪቱ መሬት ባለቤት ወደ 140 በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተለዋውጧል። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ ግን፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ልብስ ከመቀየሩ በስተቀር፣ እምብዛም አልተለወጠም። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ይኸው ነው።

ከሰፈር ወደ ማዘጋጃ ቤት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ የዐፄ ምኒልክ ግቢ የከተማዪቱ እምብርት ሆነ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ፊንፊኔ በሚባለው ስሙ የቱለማ ኦሮሞ ይኖርበት፣ ከብቱንም ያሰማራበት ነበር። ስለዚህ በዚህች ከተማ ታሪክ የመጀመሪያው ያልተጠየቀ ጎረቤት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በግቢው ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ሰፋፊ ቦታ ተሰጠ። እነርሱም ከፍ ባለው ጉብታ ላይ አዳራሻቸውን ሠርተው ወታደራቸውንና አገልጋያቸውን ከሥራቸው አሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን የሚያስታውስ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። በዚህ ሥርዓት መሬት የሚገኘው በአገልግሎትና በደጅ ጥናት ነበር። ባለ ጉዳዩ ከጌታው ደጅ ይቆማል፤ ይሰነብታል፤ አንድ ቀን ጌታው ዐይኑን ጥሎበት «ምን ትሻለህ?» ይለዋል። ደጅ ጥናት የራሱ ሥርዓትና ጨዋነት የነበረው ልማድ እንደ ሆነ አልክድም። ነገር ግን ጉዳዩ የሚያልቀው በለማኙና በሰጪው መካከል ነው። ሦስተኛ ወገን የሚናገርበት አደባባይ የለውም።

አገራችን አደባባይ አልነበራትም ማለቴ አይደለም። ሸንጎ ነበራት፤ ወንጀል ሲሠራ የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ የሚመክርበት አውጫጭኝ ነበራት፤ በዛፍ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሯት። የገጠሩ ሰው ስለ ወሰንና ስለ ግጦሽ ጎረቤቱን ፊት ለፊት እየሞገተ ኖሯል። ከተማው ግን የተወለደው ከሸንጎው ሳይሆን ከግቢው ነው።

በ1900 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ደንብ በአዲስ አበባ ቦታን በግል ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለማውረስ ሕጋዊ መልክ ሰጠ። በ1902 ዓ.ም. ገደማም ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ልብ ይሏል። «ማዘጋጃ ቤት» ማለት ነገር የሚዘጋጅበት፣ የሚሰናዳበት ቤት ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ቤት አይደለም። «ከንቲባ»ም ከጥንት ጀምሮ በጎንደር ከተማዪቱን እንዲያስተዳድር በንጉሥ የሚሾም ሰው መጠሪያ ነበር። ሁለቱም ቃላት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። ሥልጣኑን የያዙት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት ግን አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱን ከመሩት መካከል እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያለ ታላቅ ደራሲ፣ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያለ አርበኛ ይገኙበታል። ጥያቄዬ ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው። ጥሩ ሰው ሲሾም ከተማው ይጠቀማል፤ ያ ሰው ሲሻር ግን ጥቅሙ አብሮት ይሄዳል።

በቀለም የተከፈለች ከተማ

የአንድን ከተማ መሬት በአገልግሎት ዓይነት የመከፋፈል ዘመናዊ ዘዴ፣ በዛሬው አጠራር ዞኒንግ የምንለው፣ በተሟላ መልክ ወደ አዲስ አበባ የገባው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። የገባበት መንገድ መዘንጋት የለበትም። ከተማዪቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ የፋሽስት መንግሥት ባለሙያዎች አዲስ ፕላን ነደፉ። የፕላኑ ዋና መርሕ የዘር መለያየት ነበር፤ ጣልያኑ በአንድ ወገን፣ «ተወላጁ» በሌላ ወገን። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬም በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ነባሩን ከተማ ፈጽሞ እንደሌለ የቆጠረ የራሱን ንድፍ ሥሎ ለጣልያኖች አቅርቦ ነበር።

በዚህ ፕላን መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «የተወላጆች ገበያ» ተባለ። ዛሬ የምንኮራበት መርካቶ ስሙንም ሥፍራውንም ያገኘው በዚህ አኳኋን ነው። የቀድሞው ገበያ አካባቢ ፒያሳ ሆነ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው ድርጅት ስም መጣ፤ ካዛ ፖፖላሬም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ተባረረ። ያሰመረው መሥመር ግን ብዙው በቦታው ቀረ። ከፕላኑ ጋር አብሮ የቀረ ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም ከተማ ማለት ባለሙያ ሥሎ፣ ባለሥልጣን አጽድቆ፣ ነዋሪው የሚታዘዘው ወረቀት ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው።

የባለ ንብረቶች ምክር ቤት

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የከተማ አስተዳደርን በሕግ ማደራጀት ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለአዲስ አበባና ለጎንደር ከፍ ያለውን ደረጃ ሰጠ፤ ሌሎቹን ከተሞች ከእነርሱ በታች አደረገ። አዋጁ ምክር ቤት እንዲኖርም ደንግጓል። የምክር ቤቱ አባላት በከፊል የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ወኪሎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ከነዋሪው የሚመረጡ ነበሩ። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1954 የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተርም ይህንኑ አካሄድ ቀጠለ፤ ከየወረዳው የተመረጡ አማካሪዎች ከመንግሥት ወኪሎች ጋር ተቀመጡ። ከንቲባውን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

እርምጃው የሚናቅ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የከተማ ሰው ስለ ከተማው ጉዳይ ተመርጦ የሚናገርበት ወንበር በሕግ ተገኘ። ይሁንና በዚያ ወንበር ለመቀመጥም ሆነ ለመምረጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ተከራይ ነበር፤ ሰፊው የከተማ መሬት በጥቂት መኳንንትና ባለጸጎች እጅ ነበር። ስለዚህ ምክር ቤቱ የአከራዮች ምክር ቤት ሆነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የለንደንን ፕላን ያዘጋጀው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. መጥቶ የቀለበት መንገዶችና የተመጠኑ ሰፈሮች ያሉት ፕላን ነደፈ። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳዊው ደ ማሪያን የተመራ ቡድን ሌላ ፕላን አወጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻም በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በዚያው ዘመን ግርማ ሞገስ ለብሶ ቆመ። ፕላኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ፤ ተከራዩ ግን በየትኛውም ላይ ሐሳቡን የሰጠበት አደባባይ አልነበረም።

ቀበሌ፦ የተከፈተና የተዘጋ በር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማያልፍ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። እኔ ራሴ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ያ አዋጅ ለስንት ድኻ ቤተሰብ የመጀመሪያው እፎይታ እንደ ነበር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ አፍ ሰምቻለሁ። ጣራው ሲያፈስ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መለወጥ እንደማይቻልም እንዲሁ አይቻለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን የቀበሌው የመጀመሪያ ዘመን ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ ተከራዩ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ሸማኔው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ሰፈራቸው ቦይ፣ ስለ ውኃ ቧንቧ፣ ስለ ቤት አሰጣጥ መነጋገር ጀምረው ነበር። የራሳቸው ፍርድ ሸንጎም ነበራቸው። በከተማዪቱ ታሪክ ንብረት የሌለው ሰው ስለ ሰፈሩ በሕግ የመናገር ሥልጣን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያው አዳራሽ የቀይ ሽብር ማሰሪያ፣ ያው የነዋሪዎች መዝገብ የአሰሳ መሣሪያ ሆነ። ለሕዝቡ የቀረበ ምክር ቤት በሕዝቡ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዐይን ሆኖ ተገኘ። የኢትዮጵያ ከተሜ «ስብሰባ» የሚል ቃል ሲሰማ ዛሬም ድረስ አንገቱን የሚደፋው ለምን እንደ ሆነ ለሚጠይቁኝ ተማሪዎቼ መልሴ ከዚህ ይጀምራል። አደባባዩ አልጠፋም፤ ተመረዘ።

ዳኛም ነጋዴም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ አደረገው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የሊዝ አዋጁ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ፤ ጨረታና ምደባ የሚባሉት ሁለት መንገዶች ግን ጸኑ። ከዚህ የተነሣ በከተማ አስተዳደሩ ላይ አንድ ትልቅ የጠባይ ለውጥ መጣ። በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቦታ አጠቃቀም የሚፈርድ ዳኛ ነበር። ከሊዝ በኋላ ግን ቦታ አቅራቢም ሆነ፤ ከዚያም ገቢ ያገኛል። አንድን ሰፈር ከመኖሪያ ወደ ንግድ ማዕከል መለወጥ የሚጠቅም መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አካል፣ ለውጡ ሲደረግ ገንዘብ የሚያገኘው ያው አካል ነው። ዳኛና ነጋዴ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ምን እንደሚመጣ ለመገመት ዶክትሬት አያስፈልግም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም በመሬት ጉዳይ ላይ ያለ ምክንያት አይዘወተርም።

ይህን መሰሉን ሥልጣን ሊገታ የሚችለው የተመረጠና የሚጠየቅ ምክር ቤት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የከተማዪቱ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው፣ አስተዳደሩም ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ እንደሚሆን ይናገራል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማዪቱ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ያ ምክር ቤት አንድም ቀን ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፤ የቅንጅት መሪዎች ወደ እስር ቤት ገቡ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለ አደራ አስተዳደር ተሾመ፤ የተመረጠ ምክር ቤት የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ደግሞ ተላለፈ፤ የነባሩ ምክር ቤት ዘመን በአዋጅ ተራዘመ፤ ቻርተሩም የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ከተማዪቱን እንዲመራ ተደርጎ ተሻሻለ። ምርጫው የተካሄደው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ባለ አደራና የተራዘሙ ዓመታት ሁሉ ግን መሬት መሰጠቱ፣ ሰፈር መነሣቱ፣ ፕላን መለወጡ አልቆመም።

መንገድ ላይ የተሰማ አቤቱታ

ጎረቤትን ሳይጠይቁ ፕላን ማውጣት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳየን የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነው። ይህ ጎረቤት የከተማው ሰው ሳይሆን በከተማዪቱ ዳርቻ ያለው ገበሬ ነበር። ፕላኑ በሙያ በኩል ሊባልለት የሚችል ነገር አያጣም፤ መንገድ፣ ውኃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ የአስተዳደር ወሰን አያውቁምና። ዳሩ ግን ገበሬው ስለ ማሳው የሰማው ከወሬ ነበር። የሰማውም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በጥቂት ካሳ ከመሬታቸው የተነሡ ጎረቤቶቹን እያየ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ጀምሮ እንደገና ተቀጣጠለ፤ የብዙ ወጣቶች ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። በአዳራሽ ሊሰማ ይገባ የነበረው አቤቱታ በአስፋልት ላይ ተሰማ፤ ፍርዱም በደም ተጻፈ። የሀገሪቱ ፖለቲካ ከዚያ ወዲህ ወዴት እንደ ሄደ አንባቢ ያውቀዋል።

በወረቀት ላይ ሕግ አልጎደለንም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የፕላን ረቂቅ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና ውይይት እንዲደረግበት ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም መሬታቸውን የሚለቅቁ ሰዎች አስቀድሞ ምክክር እንዲደረግላቸው፣ አቅሙ ካላቸውም ቦታቸውን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ደንግጎ ነበር። ሕጉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰፈር መልሶ ማልማትን አስመልክቶ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ግድግዳው ላይ ባለ ብዙ ቀለም ካርታ ተሰቅሏል። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ሲያስረዳ ቆይቶ ጥያቄ ካለ ጠየቀ። አንዲት አዛውንት ብድግ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ሥዕል አላነብም፤ ቤቴ የቱ ጋ እንዳለ አሳየኝና ልሂድ» አሉት። እርሱም ለጥቂት ጊዜ ካርታውን ሲመለከት ቆየና፣ «እማማ፣ በዚህኛው ላይ ነባር ቤቶች አልተመለከቱም» ብሎ መለሰላቸው። ስብሰባው «ግብዓት ተሰብስቧል» ተብሎ ተዘጋ። ልጁን አልወቅሰውም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። በዚያ ወረቀት ላይ ሰውዮዋ የሉም።

የሌላ ዋና ከተማ ልምድ

«አዲስ አበባ የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት፤ እንደ ማንኛውም ከተማ ለነዋሪው ብቻ አትተውም» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን፣ እርሷም የፌዴራል መቀመጫ የሆነችውን ዋሽንግተን ዲሲን መመልከት ይጠቅማል። ይህች ከተማ ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ የራሷ የተመረጠ አስተዳደር አልነበራትም፤ ኮንግረሱ በሹማምንት ያስተዳድራት ነበር። በዚያ ዘመን በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ሰፈር «ለመልሶ ማልማት» ሲፈርስ ከ20,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ አብዛኞቹ ጥቁር ድኾች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1954 እ.ኤ.አ. እርምጃው ሕጋዊ ነው አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. ግን የራስ አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ ከንቲባና 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት በሕዝብ መመረጥ ጀመሩ። ከእነርሱም በታች የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ወክሎ ያለ ደመወዝ ያገለግላል። የቦታ አጠቃቀም ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው በአካባቢው ላሉ ባለ ይዞታዎችና ለሰፈሩ ኮሚሽን ይነገራል፤ ጉዳዩ በግልጽ ችሎት ይሰማል፤ ወሳኙ ቦርድም ለኮሚሽኑ አስተያየት «ከፍተኛ ክብደት» እንዲሰጥ፣ ካልተቀበለውም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ ሕግ ያስገድደዋል። በዚያ ከተማ ምግብ ቤት ከፍተው የመጠጥ ፈቃድ የጠየቁ ወገኖቻችን ይህን ደጅ ያውቁታል። እነርሱም ጎረቤትን ማስረዳት ከባለሥልጣን ደጅ ከመጥናት የተለየ ጥበብ እንደሚጠይቅ ተምረዋል።

አሜሪካን እንደ ገነት እያቀረብሁ አይደለም። ኮንግረሱ ዛሬም በከተማዪቱ ሕጎች ላይ የመጨረሻ ሥልጣን አለው። ዞኒንግ ራሱ በዚያ ሀገር ብዙ ግፍ ተሠርቶበታል፤ ጥቁሮች በሰፈር እንዲለዩ የሚያዝዙ የከተማ ደንቦች በ1917 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ቢሻሩም፣ «እዚህ ትልቅ የኪራይ ሕንጻ አይሠራም» በሚል ጨዋ መሰል ቋንቋ ድኻውን ማራቅ ቀጥሎ ነበር። ግልጽ ችሎት የሀብታሞች መሣሪያም ሊሆን ይችላል። የእኛው የአከራዮች ምክር ቤት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ፊት አለው፤ ችሎቱ ክፍት ይሁን ማለት ብቻ ሳይሆን፣ «ባለ ጉዳይ» ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው ማለትም ያስፈልጋል።

ምን ይበጃል?

ከየካቲትና መጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያን፣ በኋላም ካዛንቺስን ከሥር መሠረታቸው ለውጧል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት መጥቷል፤ ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ለሰው ልጅ የማይመቹ እንደ ነበሩም በዚያ ዓይነት ቤት ያደግሁ ሰው ልክደው አልችልም። ከተነሡት መካከል የኮንዶሚኒየም ቤት ያገኙም አሉ። ነገር ግን ብዙ ነዋሪዎች የተሰጣቸው ጊዜ አጭር እንደ ነበር ተናግረዋል። አብሮ የፈረሰውም ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ዕድር ፈርሷል፣ ማኅበር ተበትኗል፣ በዱቤ የምትሰጥ ሱቅ ጠፍታለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ለሚል ሕዝብ ይህ ኪሳራ በካሳ ቀመር ውስጥ የማይገባ ኪሳራ ነው።

«ሁሉን ሰው ብንሰማ መቼ እንሠራለን?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች መልሴ ከታሪክ ነው። በጣልያኖች እርዳታ የተዘጋጀውና በ1978 ዓ.ም. ያለቀው ማስተር ፕላን ሕጋዊ ጽድቅ ያገኘው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመት የፈጀው ነዋሪው ስለ ተሰማ አይደለም። የተቀናጀው ማስተር ፕላንም ማንንም ሳይሰማ ቸኩሎ ሄዶ ከነጭራሹ ቀረ። ሳይሰሙ መቸኮል ጊዜ አያተርፍም፤ ዕዳውን ወደ ነገ ያሻግራል እንጂ።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ ሦስቱም አዲስ ሕገ መንግሥት አይጠይቁም። አንደኛ፣ የቦታ አገልግሎት እንዲለወጥ የቀረበ ጥያቄ ሁሉ ከመወሰኑ በፊት በቦታው ላይ፣ ማንም ሊያነብበው በሚችል ቋንቋ ይለጠፍ፤ ካርታውም ዛሬ የቆሙትን ቤቶች ያሳይ። ሁለተኛ፣ የምክር ቤት አባላት በመሬት ጉዳይ ላይ የሰጡት ድምፅ በየስማቸው ይመዝገብ፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይውጣ። ዳኛና ነጋዴ በአንድ ወንበር መቀመጣቸው ካልቀረ፣ ቢያንስ ዳኛው የፈረደበትን ምክንያት ይናገር። ሦስተኛ፣ በችሎቱ ፊት ባለ ጉዳይ የሚሆነው ባለ ካርታ ብቻ አይሁን። የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የጉልት ነጋዴ፣ የዳርቻው ገበሬ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ይቆጠሩ። ዕድር ያለ በጀት፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ አስገዳጅ የሰውን ቀብር ሲያስተናግድ የኖረ ተቋም ነው። አባላቱን የማያውቅ የዕድር ዳኛ የለም፤ መዋጮውን በምን እንዳዋለ የማይጠየቅም የለም። በዚህች ከተማ ውስጥ እውነተኛ የነዋሪዎች ምክር ቤት ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ባለሥልጣን ወደ ውጭ ሀገር ለልምድ ልውውጥ ከመሄዱ በፊት፣ አንድ እሑድ ጠዋት በዕድር ስብሰባ ላይ ይገኝ። ነዋሪው መነጋገር እንደሚችል፣ መከራከር እንደሚችል፣ ተከራክሮም ለብዙኃኑ ውሳኔ መገዛት እንደሚችል በዐይኑ ያያል። የጎደለው ይህን ችሎታ በመሬት ጉዳይ ላይ የሚያውልበት ሕጋዊ ወንበር ነው።